ማጭድ ጨረቃዎቹ ምን ይቆጥራሉ? የራፓ ኑይ ጽሕፈት፣ የከዋክብት መውጫና የዘመን ቆጠራ

ራፓ ኑይ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከቺሊ ጠረፍ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች ደሴት ናት። ስፋቷ 164 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ሲሶ እንኳ አትሞላም። የሆላንዱ መርከበኛ ያኮብ ሮገፌን የደረሰባት በ1722 በፋሲካ ዕለት ስለነበር በአውሮፓ ቋንቋዎች የፋሲካ ደሴት ተብላ ቀረች። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ስሟን ዓለም ያወቀው በድንጋይ ሐውልቶቿ ነው። ነገር ግን ሐውልቶቹን ያቆመው ሕዝብ ሌላም ነገር ትቷል፤ ሮንጎሮንጎ የሚባል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥቃቅን ምልክቶች የተቀረጸ ጽሕፈት። ቃሉ በቋንቋቸው በዜማ ማነብነብ ማለት ነው።

ይህን ጽሕፈት እስካሁን ማንም አላነበበውም። ክፍት ቦታ ደግሞ ወሬ አያጣም። «የከዋክብት ካርታ ነው» የሚል አለ፤ «ከግብፅ የመጣ ነው»፣ «ከሕንድ የመጣ ነው» የሚልም አለ። አስቸጋሪው ነገር ከወሬው ውስጥ አንዱ ቁራጭ እውነት መሆኑ ነው። ከሮንጎሮንጎ ሁሉ ስለ ምን እንደሚናገር በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እሱም የዘመን ቆጠራ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ወደ ከዋክብት በአንድ እርምጃ ሲዘለል ነው። ሰሌዳው የሚቆጥረው የጨረቃን ሌሊቶች ነው፤ የኮከብ መውጫ የሚያገለግለው ግን ለሌላ ሥራ፣ ዓመቱን ለመጠበቅ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው።

ምን ተረፈ?

በ1862 እና በ1863 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ከደሴቲቱ 1,400 ያህል ሰው አፍሰው ወሰዱ። ሰሌዳዎቹን ማንበብ የሚችሉት ሊቃውንት አብዛኞቹ ያን ጊዜ አለቁ። ጥቂት ተመላሾች ደግሞ ፈንጣጣ ይዘው መጡ። በ1877 የቀረው ሕዝብ 111 ነበር። ስለ ሰሌዳዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ሚስዮናዊው ኡዤን ኤይሮ ደሴቲቱን የረገጠው በ1864 ነው፤ ማለትም ጽሕፈቱ ለውጭ ዓለም የታወቀው አንባቢዎቹ ካለቁ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ የቀሩት ዕቃዎች ሁለት ደርዘን ያህል ናቸው፤ አንዱም ደሴቲቱ ላይ የለም። በሁሉም ላይ ያለው ምልክት ቢደመር 15,000 አካባቢ ነው። ለማይታወቅ ጽሕፈት ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ በተለይም ተመሳሳይ ጽሑፍ በበርካታ ሰሌዳዎች ላይ ስለሚደጋገም። ጀርመናዊው ቶማስ ባርተል በ1958 ሁሉንም ገልብጦ ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር ሰጠ፤ 600 ያህል ቁጥሮች ወጡ። በ2007 ግን ፖዝድኒያኮፎች የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የተጣመሩትን ምልክቶች ወደ ክፍሎቻቸው ሲፈቱ፣ 52 መሠረታዊ ምልክቶች ከጽሑፉ 99.7 በመቶውን እንደሚሸፍኑ አሳዩ። የራፓ ኑይ ቋንቋ 10 ተነባቢና 5 አናባቢ አለው፤ ተነባቢዎቹ ከአናባቢዎቹ ጋር ሲጣመሩና አናባቢዎቹ ብቻቸውን ሲቆጠሩ 55 ክፍለ ድምፅ ይሰጣል። የቁጥሩ መቀራረብ ጽሕፈቱ የክፍለ ድምፅ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ፈጠረ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ኮከብ የሚመስል ምልክት ኮከብ ላይሆን ይችላል፤ «በ»ን ሁለት እግር ያለው ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው አማርኛ እንደማያነብ ሁሉ።

ዕድሜውስ? በ2024 የታተመው የእነ ሲልቪያ ፌራራ ጥናት ሮም የሚገኙ የአራት ሰሌዳዎችን ዕድሜ በካርቦን ለካ። ሦስቱ እንጨቶች ከ19ኛው መቶ ዘመን ሆኑ። አራተኛው ከ1493 እስከ 1509 ባለው ጊዜ ከተቆረጠ ዛፍ የመጣ ነው፤ ያም አውሮፓውያን ከመድረሳቸው ሁለት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ካርቦን የሚናገረው ዛፉ የሞተበትን ጊዜ ነው እንጂ ቅርጹ የተቀረጸበትን አይደለም። እንጨት ብርቅ በሆነበት ደሴት ደግሞ ማዕበል የጣለው ግንድ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ ሊሠራበት ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ ታሁዋ የሚባለው ሰሌዳ ነው፤ 91 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከአውሮፓውያን ጀልባ መቅዘፊያ የተሠራ ነው።

ሰሌዳውን እንዴት ያዞሩታል?

አንባቢው ከታች፣ ከግራ ጥግ ይጀምራል። ወደ ቀኝ ሄዶ መስመሩ ሲያልቅ ሰሌዳውን 180 ዲግሪ ያዞራል፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ያለፈው ደግሞ ይገለበጣል። በሬ ትልሙን ጨርሶ ዞሮ እንደሚመለስ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዱ ሁለተኛ ትልም ራሱን ወደ ታች ማድረጉ ነው። (ያለ መገልበጥ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ጽሕፈት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የግዕዝ ፊደል ምንጭ የሆነው የሳባውያን ጽሕፈት በጥንቱ ዘመን እንዲህ ይጻፍ ነበር።) ምልክቶቹ ቁመታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በባልጩት ስባሪና በሻርክ ጥርስ የተቀረጹ ናቸው።

ይህን ሳያውቅ ፎቶ የሚያይ ሰው ግማሹን ጽሑፍ የተዘቀዘቀ አድርጎ ያየዋል። ከዚያም «ጨረቃዋ እዚህ ወደ ግራ፣ እዚያ ወደ ቀኝ ዞራለች፤ አንዱ መሙላቷ ሌላው መጉደሏ ነው» ይላል። እንዲህ ዓይነት ትርጓሜ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ተርጓሚው መስመሩን አዙሯል ወይ የሚለው ነው።

ማማሪ በቅርብ ሲታይ

ማማሪ የሚባለው ሰሌዳ 29 በ19.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሁለቱም ገጽ 14፣ 14 መስመር፣ በድምሩ አንድ ሺህ ያህል ምልክት አለው። ባርተል በአንዱ ገጽ ላይ፣ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው መስመር ባለው ክፍል አንድ ያልተለመደ ነገር አየ። ማጭድ የመሰለ ጨረቃ በተከታታይ ይደጋገማል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሌላ ምልክት ይገባበታል። በ1990 የቋንቋ ሊቁ ዣክ ጊ ይህን ክፍል እንደገና አንድ በአንድ ቆጥሮ ተነተነው። ማጭዶቹ 29 ናቸው፤ በመካከላቸው ደግሞ ለብቻው የቆመ አንድ ክብ ምልክት አለ።

ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር፤ ምክንያቱም 29 የሆነ ነገር ፈልጎ የማያገኝ የለም። ማስረጃውን ያጸናው ከሰሌዳው ውጭ ያለ ዝርዝር ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ቶምሰን በ1886፣ የባህል አጥኚው አልፍሬድ ሜትሮ ደግሞ በ1930ዎቹ ከደሴቲቱ ሰዎች አፍ የጨረቃን ሌሊቶች ስም ጽፈው ነበር። ዝርዝሩ የራሱ ቅርጽ አለው። አታ እና አሪ ብሎ ይጀምርና ስድስት ሌሊቶች የራሳቸው ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ብቻ ይጠራሉ፤ ኮኮሬ አንድ፣ ኮኮሬ ሁለት እያለ እስከ ስድስት። ከዚያ ስም ያላቸው ሌሊቶች ይመጣሉ፣ ኦሞቶሂ የሚባለው የሙሉ ጨረቃ ሌሊት ይገባል፣ ቀጥሎ እንደገና አምስት ኮኮሬዎች በቁጥር ይቆጠራሉ፣ በመጨረሻም ስም ያላቸው ሌሊቶች ወሩን ይዘጋሉ። መሠረታዊዎቹ ሌሊቶች 28 ናቸው። ሆቱ እና ሂሮ የሚባሉ ሁለት ሌሊቶች ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ የሚጨመሩ ናቸው።

ሰሌዳው ላይም ማጭዶቹ ባዶአቸውን የተደረደሩበትና ሌላ ምልክት የታከለባቸው ቦታዎች አሉ፤ የዝርዝሩ አካሄድም እንዲሁ ነው። በተጨማሪ በየቡድኑ ፊት ደጋግሞ የሚመጣ አንድ የምልክቶች ረድፍ አለ፤ አዋጅ ነጋሪ እንበለው። ረድፉ የሚያልቀው በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ዓሣ ነው። ከሙሉ ጨረቃ በፊት የዓሣው ራስ ወደ ላይ ነው፤ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ወደ ታች ይሆናል። ስትሞላና ስትጎድል ማለት ሳይሆን አይቀርም።

መካከል ላይ የቆመው ክብ ምልክት ደግሞ ለብቻው ማየት የሚገባው ነው። ክብ ውስጥ ተቀምጦ ሥራ የያዘ ሰው የመሰለ ቅርጽ አለበት። በራፓ ኑይ አፈ ታሪክ ጨረቃ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ በሰማይ ላይ የምድር ምድጃ የምታነድ አሮጊት ናት፤ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ድንጋይ አግለው፣ ምግብ ቀብረው እንደሚያበስሉት ያለ ምድጃ። አሮጊቷ በግልጽ የምትታየው ጨረቃ ስትሞላ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ፣ ቅደም ተከተሉ፣ የዓሣው መገልበጥና ሥዕሉ አራቱም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ይህ ክፍል የጨረቃ ወር መሆኑን በዘርፉ ያሉ ሰዎች የሚቀበሉት ለዚህ ነው።

ይህም ሆኖ ማንበብ ተቻለ ማለት አይደለም። ርዕሱን እናውቃለን እንጂ ቃሉን አናውቅም። «ኮኮሬ» የሚለው ድምፅ በየትኛው ምልክት እንደተጻፈ የሚያሳይ ነገር የለም።

ተጨማሪዋ ሌሊት መቼ ትገባለች?

ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ በአማካይ 29.53 ቀን ነው። ነገር ግን አማካይ ነው፤ እውነተኛው ወር ከ29.3 እስከ 29.8 ቀን ገደማ ይዋዥቃል። ጨረቃ ክብ ሳይሆን ሞላላ መንገድ ስለምትዞር፣ ርቀቷ ከ357,000 እስከ 406,000 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ይለዋወጣል። ስትርቅ ትዘገያለች፤ ስትዘገይ የምዕራፎቿ ቆይታ ይረዝማል። ስለዚህ ሌሊቶችን በስም የሚቆጥር ሰው ስሙ ከጨረቃዋ መልክ ቀድሞ እንዳይሄድ አንድ ሌሊት ማስገባት አለበት። ጥያቄው የት ነው የሚያስገባው የሚለው ነው።

ጊ የሰጠው መልስ ብልህ ነው። ሰሌዳው ላይ ከሙሉ ጨረቃ በፊትም ከሙሉ ጨረቃ በኋላም ከሌሎቹ ያነሱ፣ ከፍ ብለው የተቀረጹ ትናንሽ ማጭዶች አሉ። የመጀመሪያው ያለበት ቦታ ቶምሰንና ሜትሮ ሆቱን ካስገቡበት ቦታ ጋር ይገጥማል። ጨረቃ በራቀች ጊዜ አነስ ብላ ትታያለች፤ በጣም በምትቀርብበትና በጣም በምትርቅበት መካከል የስፋቷ ልዩነት 14 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ ትናንሾቹ ማጭዶች «ጨረቃዋን አስተውል፤ አንሳ ካየሃት ሌሊት ጨምር» የሚሉ መመሪያዎች ናቸው ይላል። ይህ መላ ምት ነው፤ ከቀን መቁጠሪያው መኖር ጋር እኩል የጸና አይደለም። 14 በመቶን በባዶ ዓይን ለመለየት መሣሪያ ባይኖር እንኳ ክንድን ዘርግቶ የሆነ ነገር ከጨረቃዋ ፊት መያዝ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የሰሌዳው ክፍል ለምን ከዝርዝር በላይ ምልክት እንዳለው የሚያስረዳ ብቸኛው አሳማኝ ሐሳብ እሱ ነው።

የኮከብ መውጫ ሥራው ሌላ ነው

አሁን ወደ ከዋክብት። አንድ ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል። ፀሐይ በዓመቱ ዙረቷ ወደ ኮከቡ አቅጣጫ ስትመጣ ኮከቡ በብርሃኗ ይዋጣና ለሳምንታት አይታይም። ከዚያ አንድ ንጋት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ በምሥራቅ አድማስ ላይ ለደቂቃዎች ብቅ ብሎ ይጠፋል። ያ የመጀመሪያ ንጋት የኮከቡ የንጋት መውጫ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሆን ዓመትን ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ምልክት ማግኘት ይከብዳል።

የታወቀው ምሳሌ ግብፅ ነው። በጣም ብሩህ የሆነው ሲሪየስ 70 ቀን ያህል ተሰውሮ፣ የአባይ ሙላት በሚደርስበት ሰሞን በንጋት ይወጣ ነበር። ግብፃውያን ዓመታቸውን 12 ባለ 30 ቀን ወሮችና 5 ትርፍ ቀኖች አደረጉት፤ 365። ሩቧን ቀን ስላልቆጠሯት አዲስ ዓመታቸው ከኮከቡ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን እየራቀ፣ ተመልሶ የሚገጥመው ከ1,460 ዓመት በኋላ ሆነ። በ139 ዓ.ም. እንደገና እንደገጠመ ተመዝግቧል። በአውግስጦስ ዘመን በእስክንድርያ ስድስተኛው ትርፍ ቀን በየአራት ዓመቱ ሲጨመር መንሸራተቱ ቆመ፤ አዲስ ዓመቱም ያን ጊዜ በቆመበት ቦታ ተቸነከረ። የእኛ 13 ወር፣ ጳጉሜንና መስከረም 1 የዚያ አቆጣጠር ቀጥተኛ ወራሾች ናቸው። እንቁጣጣሽ ዛሬ ከሲሪየስ መውጫ ጋር የማይገናኘው ለዚህ ነው፤ ሥሩ ከኮከብ ጋር የተሳሰረ ዓመት ነው፣ ቦታው ግን የተቸነከረው በሕግ ነው።

ፖሊኔዥያውያን፣ ማለትም ራፓ ኑይን ጨምሮ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝቦች፣ ግን የ365 ቀን ዓመት አልሠሩም። ወራቸው የጨረቃ ነው፣ ዓመቱን የሚጠብቀው ኮከብ ነው። ዋናው ኮከባቸውም ሰባቱ ከዋክብት ነው፤ መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ላይ የሚጠቀሰው ያ የከዋክብት ዘለላ። በኒው ዚላንድም በራፓ ኑይም ማታሪኪ ይባላል፣ በታሂቲ ማታሪኢ፣ በሃዋይ ማካሊኢ። ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት አይጠቀሙበትም። ማኦሪዎች የንጋት መውጫውን በጁን መጨረሻ አካባቢ ይጠብቃሉ፤ ኒው ዚላንድ ከ2022 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። በታሂቲና በሃዋይ ግን ወቅት የሚከፍተው ዘለላው ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ መውጣቱ ነው፤ በኖቬምበር፣ በእኛ ኅዳር። «የፖሊኔዥያ አዲስ ዓመት» ብሎ በጅምላ የሚናገር ጽሑፍ ይህን ልዩነት ከረሳ የአምስት ወር ስሕተት ይዞ ይጀምራል።

ኮከቡ ጨረቃን የሚያርመው እንዲህ ነው። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ከሲሶ ገደማ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ይጎድላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ በየዓመቱ 11 እየጨመረ 30 ሲሞላ የሚገደፈው አበቅቴ ነው። እንበልና ዘንድሮ ማታሪኪ በንጋት የታየው የወሩ ጨረቃ 5 ሌሊት ሲሆናት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ16ኛዋ፣ በሦስተኛው ዓመት በ27ኛዋ ሌሊት ይታያል። በአራተኛው ዓመት ወሩ አልቆ ኮከቡ ገና አልወጣም። ጠባቂው ያን ጊዜ 13ኛ ወር ይጨምራል። አበቅቴ የሚያሰላውን ሥራ እነሱ ለአድማሱ ይተዉለታል።

በተግባር የሚያስቸግረው የኮከቡ ድካም ነው። ሲሪየስ ብሩህ ስለሆነ ፀሐይ ከአድማስ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪ ስትሆን ይታያል። ሰባቱ ከዋክብት ደብዛዛ ስለሆኑ ፀሐይ ከ15 ዲግሪ በላይ ዝቅ ማለት አለባት። ፀሐይ ደግሞ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ነው የምትጓዘው። በመሆኑም የባሕር ጉም፣ ጭጋግ ወይም የተመልካች ዓይን የሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነት ሲፈጥር ቀኑ በብዙ ቀን ይንሸራተታል፤ የጁን ወር በራፓ ኑይ ክረምት ነው፣ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ደመና ነው። በዚያ ላይ የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የኮከብ መውጫ በየ70 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። የ1500 ዓ.ም. ማታሪኪን ከዛሬ ሰማይ የሚወስድ ሰው አንድ ሳምንት ያህል ይሳሳታል።

ሁለቱ የት ይገናኛሉ?

ራፓ ኑይ ላይ ከዋክብት ይጠበቁ እንደነበር ጥርጥር የለም። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ራውትሌጅ በ1914 እና በ1915 ስትሠራ፣ በምሥራቁ የደሴቲቱ ጫፍ ፓፓ ኡይ ሄቱኡ፣ ማለትም ኮከብ መመልከቻ ድንጋይ የሚባል ቦታ አሳይተዋታል። በኋላም አርኪዮሎጂስቱ ዊልያም ሙሎይ አሁ ሁሪ ኡሬንጋ የተባለው የድንጋይ መድረክ በጁን የፀሐይ መውጫ ጫፍ (ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜን እጅግ ርቃ በምትወጣበት ቦታ) ላይ ያነጣጠረ መሆኑን ለካ።

ይህ ልኬት ግን ወጥመድ አለበት። በራፓ ኑይ ላቲቲዩድ፣ በ27 ዲግሪ ደቡብ፣ በጁን 21 ፀሐይ የምትወጣው ከሰሜን 63 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። በ1500 አካባቢ ማታሪኪ የሚወጣው ደግሞ በ64 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነበር። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የትንሿ ጣት ስፋት። ባልተስተካከለ ድንጋይ የተሠራ የመድረክ ፊት ይህን አይለይም። በዚያ ላይ የኮከቡ የንጋት መውጫና የፀሐይዋ ጫፍ መድረስ በአንድ ወር ውስጥ ይውላሉ። ስለዚህ «ለፀሐይ ነው» የሚለውም «ለማታሪኪ ነው» የሚለውም አንድን መድረክ እኩል ይገባኛል ሊሉት ይችላሉ።

ወደ ሰሌዳዎቹ ስንመለስ፣ ማማሪ አንድ ወርን እንጂ ዓመትን አይቆጥርም። የወሮቹ ስሞች ተመዝግበዋል፤ አናኬና፣ ትንሿ ሆራ፣ ትልቋ ሆራ እያሉ ይቀጥላሉ። ይህን ዝርዝር የሚመስል፣ 12 ሆኖ አንዳንዴ 13ኛ የሚታከልበት ረድፍ ግን እንደ ማማሪው ጨረቃ አሳማኝ ሆኖ የተገኘበት ሰሌዳ የለም። ኮከብ የሚገባው እዚያ ነበር።

የቀን መቁጠሪያ መኖር ለጽሕፈት ወይም ለሩቅ ግንኙነት ማስረጃ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦረናዎች በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የ354 ቀን ዓመት፣ 27 የቀን ስሞችና ሰባት ከዋክብት ወይም የከዋክብት ስብስቦች ያሉበት አቆጣጠር አላቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን፣ ፖሊኔዥያውያን ማታሪኪ የሚሉትን ዘለላ ቡሳን ይሉታል። ሁሉም በአያንቱዎች፣ ማለትም በቀን ቆጣሪ ሊቃውንት፣ ቃልና ትውስታ የተያዘ ነው፤ አንድም ሰሌዳ አላስፈለጋቸውም። ከፖሊኔዥያም አልተማሩትም። ጨረቃ 29 ቀን ተኩል የምትዞረውና ሰባቱ ከዋክብት በዓይን ጎልተው የሚታዩት ለሁሉም ነው፤ ተመሳሳይ ሰማይ ተመሳሳይ መፍትሔ ይወልዳል።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደው ጊዮም ዴ ሄቨሺ ነበር። በ1932 የሮንጎሮንጎን ምልክቶች በደቡብ እስያ ካለው ከኢንደስ ሸለቆ ጥንታዊ ማኅተሞች ጎን ለጎን ደርድሮ አንድ ናቸው አለ። ዝርዝሩ ለዓይን ይማርካል። የኢንደስ ጽሕፈት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 አካባቢ ያበቃ ሲሆን፣ በራፓ ኑይ ሰው የሰፈረው ከልደት በኋላ ከአንድ ሺህ ዓመት ወዲህ ነው። ቦታውም ቢሆን በምድር ሉል ላይ ተቃራኒ ጎን ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀላል ሥዕሎች ያሏቸው ሁለት ጽሕፈቶች ሲነጻጸሩ ክብ ከክብ፣ ሰው ከሰው፣ ዓሣ ከዓሣ መግጠሙ አይቀርም።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ውድቀት የሜቶሮ (ዝርዝሩን ከጻፈው ከሜትሮ ሌላ ሰው) ነው። በ1870ዎቹ የታሂቲው ጳጳስ ዦሳን ሜቶሮ የሚባል የራፓ ኑይ ሰው አግኝተው ሰሌዳዎቹን እንዲያነብላቸው አደረጉ። ሜቶሮ እየዘመረ ሲሄድ ጳጳሱ ጻፉ። ማማሪንም አነበበ፤ ከምልክቶቹ ሁሉ ግልጽ የሆነችውን ሙሉ ጨረቃ ግን አላወቃትም። ያየውን ሥዕል አንድ በአንድ ስም እየሰጠ ነበር ማለት ነው። ዛሬም «ይህ ምልክት ኦሪዮን ነው፣ ያኛው ሲሪየስ» የሚሉት ትርጓሜዎች የሚሠሩት በዚያው ስልት ነው።

አንድን የኮከብ ትርጓሜ ለመመዘን ማማሪ ያለፈበትን ፈተና መስጠት ይበቃል። ተርጓሚው ቅደም ተከተል ይዟል ወይስ ነጠላ ምልክት? ቅደም ተከተሉ ከደሴቲቱ ሰዎች ከተመዘገበ ዝርዝር ጋር ይገጥማል ወይስ ከሌላ አገር የኮከብ መጽሐፍ ጋር? ዝርዝሩ ያልተስተካከለ ቅርጽ አለው ወይ? ይህ የመጨረሻው ዋና ነው፤ ስድስት ኮኮሬ ከፊት፣ አምስት ከኋላ መሆኑ በአጋጣሚ ለመግጠም የሚከብድ ነገር ነው፤ ሰባት ወይም አሥራ ሁለት ግን ከየትም ይገኛል።

በሮንጎሮንጎ ውስጥ በዙሪያው ጨረር የመሰለ ነገር ያለው ክብ ምልክት አለ። አንዱ ፀሐይ ይለዋል፣ ሌላው ኮከብ። ማታሪኪ፣ ታውቶሩ፣ ማለትም የኦሪዮን ቀበቶ፣ እያለ በመውጫቸው ተራ የሚሄድ ረድፍ ውስጥ ተሰክቶ እስኪገኝ ድረስ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ የለም።